ሣሩን ሳላይ

ከወንዙ እጥፋት አንሥቶ ድንጋይ ካቡ እስኪያጥረው፣
ይህን መስክ ማረሻ አያውቀው።
ሦስት መቶ ዓመት ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ቆጥሮ፣
ማን አፈሩን ጠይቆ፣ ማን ሥሩን አማክሮ!
"ረጅሙ እርጥብ" ነው ስሙ፤ በሄዘርሾ ርስት ካርታ
ከበጎቹ በረት ማዶ የቡኒ ቀለም ጠብታ፤
ሰሜን እንግሊዝ፣ የካፊያ አገር፣
ጉም ከኮረብታው ወርዶ ከከብት ጋር የሚያድር።

አስተዳዳሪ ሆኜ ስመጣ፣ በመጋቢት፣
ሻንጣዬ ውስጥ ዲግሪ፣ ደረቴ ውስጥ ምሬት፤
ተግጦ የተራቆተ አገር አይቼ በብዛት
ላም ሁሉ ጠላቴ ነበረች፣ ኮቴዋ ሁሉ ጥፋት።
"ከብቱ ይውጣ" አልኩ። "መስኩ ይረፍ።
ለአበባው ይተው፣ ለወፉ፣ ለሚበር ለሚከንፍ።"

ኩትበርት ባርኔጣውን አወለቀ። መልሶ አጠለቀ።
አርባ ዓመት ከብት የጠበቀ ሰው ክርክር አያውቅም፤
"እሺ" አለ፤
እሺታው ግን እሺ አይመስልም።
ቀንደ አጫጭሮቹን ነዳቸው፣ ቀዩን፣ ቡሬውን፣ ዳለቻውን፣
በሽቦ ጠፍሮ ዘጋው፣ የእንጨቱን በር፣ ሰባራውን።

የመጀመሪያው በጋ ሣሩ ወገቤን ሲነካ፣
ነፋሱ እንደ ባሕር ሲያስኬደው፣
"ይኸው ለካ!" አልኩ፣ "ይኸው ለካ!"

በሁለተኛው በጋ
የዓምናው ሣር ሳይበላ ሞቶ፣ የዘንድሮው በላዩ ወድቆ፣
እንደ አሮጌ ፍራሽ ተነባብሮ፣ ፀሐይን ከመሬት ሰርቆ፤
ቢጫው አበባ የለም። ሐምራዊው የለም። ኦርኪዱን ፈልጌ
ተንበርክኬ ገለጥኩ፤
ሻጋታ ዝቄ ተነሣሁ፣ እፍረቴን በጓንት ሸሽጌ።

ወፏም አልመጣችም፤ ያቺ ምንቃሯ የጎበጠ፣
ኩትበርት "ማጭድ-አፏ" የሚላት፣
ጎሕ ሲቀድ ድምፅዋ ከምድር እንደ ምንጭ ያመለጠ።
ጫጩቷ እንዲህ ባለ ጫካ እግሩን መዘርጋት አይችል፤
እናትየው ይህን ታውቃለች፣ ዲግሪ ሳትቀበል።

በሬው ሣሩን አየ አሉ፣ ገደሉን ሳያይ።
እኔ ገደል ገደሉን ሳይ፣
ሣሩን ሳላይ።

በኅዳር ደብዳቤ መጣ፣ ከሒሳብ ሹሙ ከፔንድልበሪ፦
"ሁለት ዓመት ከብት ያልዋለበት፣ ፍሬ ያልሰጠ መሬት
ቦይ ተቆፍሮ ቢደርቅ፣ ገብስ ቢዘራበትስ?"
ጨዋ ደብዳቤ ነው። ስሜ በአክብሮት ተጽፎበታል።
ማረሻውን እስከ በሩ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ማታውን ኩትበርት ቤት ሄድኩ። ውሻው አልጮኸብኝም።
ከመሳቢያው ደብተር አወጣ፤ ገጹ ዘይት ዘይት ይሸታል፤
የእጅ ጽሑፉ እንደ እሱ ነው፣ ቃል ይቆጥባል፦

"ሚያዝያ ፲፪። ጊደሮች ወጡ። ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት።
ግንቦት ፫። የትል መድኃኒት አልሰጠሁም፤ ጢንዚዛ አለ እበቱ ውስጥ።
ግንቦት ፳። ጎጆ። ከበሩ ስልሳ እርምጃ። አራት ዕንቁላል።
ሐምሌ ማብቂያ። ታጨደ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ።
ትራክተሩ ጎጆዋን ዞረ።
ነሐሴ። ከብቱ ተመለሰ።"

እንዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት።
"በግ ይላጫል" አለኝ፣ "ላም ግን ትቆነጥራለች፤
እዚህ ትበላለች፣ እዚያ ትረሳለች፤
ወፍ የምትኖረው፣ ኢሞጀን፣ ላም በረሳችው ላይ ነው።"

ለፔንድልበሪ መለስኩ፦ "መሬቱ ሥራ ላይ ነው።"
በማግስቱ ሽቦውን በጉጠት ቆረጥኩ፤ አሥራ ስምንት ጊደር
ያን ፍራሽ በኮቴ ሊቀዱት፣ በትንፋሻቸው ሊያሞቁት፣
ገቡ።

አሁን ሚያዝያ ነው። አንድ የኮቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ ውኃ ባቆረ፣
ሁለት ቅጠል በቅሏል፤ ቢጫው ይሁን ሌላ ገና አልተናገረ።
ኩትበርት ጆሮው ደክሟል። በየማለዳው በሩን ተደግፎ
"ሰማሽ?" ይለኛል።
እኔም ትንፋሼን ይዤ ጉሙን አዳምጣለሁ፦ የጊደር ማኘክ፣ የወንዙ ድምፅ፣ ሌላ የለም።
"ገና ነው" እለዋለሁ።
"እሺ" ይላል።
ይሄኛው እሺ ነው።